ድመትና ሳኩለንት በአንድ ግቢ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ወፍራም ቅጠል ተሰብሮ መሬት ላይ ሲወድቅ ለድመት ኳስ ነው። በመዳፏ ትገፋዋለች፣ ትሮጥበታለች፣ በመጨረሻ በጥርሷ ትይዘዋለች። ድመት ሳኩለንት የምትቀምሰው ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው። ርቧት አይደለም፤ ስትጫወት ነው።

ሳኩለንት የምንለው ቅጠሉ ወይም ግንዱ ወፍሮ ውሃ የሚያጠራቅመውን ተክል ሁሉ ነው። እሬትም፣ እንዳሁላም፣ ቁልቋልም እዚህ ውስጥ ይገባሉ። ስሙ የተክሉን አኗኗር እንጂ ዝምድናውን አይናገርም። ስለዚህ ጎን ለጎን ከተተከሉ ሁለት ሳኩለንቶች አንዱ ምንም የማያደርግ፣ ሌላው ልብ የሚያውክ ሊሆን ይችላል። እኔ ሁለቱንም ስለምወድ፣ ድመቷንም ተክሉንም ይዞ መኖር ለሚፈልግ ሰው ነው የምጽፈው።

ሳኩለንት ሁሉ ለድመት መርዝ ነው?

አይደለም። ሰው ከሚወዳቸው ብዙዎቹ ምንም አያደርጉም። እንደ ጽጌረዳ ክብ ሠርተው የሚያድጉት ኤቼቬሪያዎች፣ ነጭ መስመር ያላቸው ትንንሾቹ ሃዎርቲያዎች፣ ሴምፐርቪቨም፣ ግራፕቶፔታለም፣ እንደ ሹሩባ ቁልቁል የሚንጠለጠለው ሴደም ሞርጋኒያነም፣ የገና ቁልቋል የሚሉት ሽሉምበርጌራ፣ እነዚህ ሁሉ ለድመት መርዛማ ካልሆኑት ወገን ናቸው።

መርዝ የለውም ማለት ግን ይበላል ማለት አይደለም። ብዙ ከበላች ሆዷ ሊታወክ፣ ሊያስመልሳት ይችላል። ያ ያልፋል።

ታዲያ አጥብቄ መጠንቀቅ ያለብኝ ከየትኞቹ ነው?

እኔ በሦስት ከፍዬ ነው የማስበው፦ ልብ የሚነኩ፣ የሚያቃጥል ወተት ያላቸው፣ ሆድ የሚያውኩ። ይህን ለይቶ ማወቅ ቀኑ የመጣ ዕለት ምን ያህል መሮጥ እንዳለባችሁ ይነግራችኋል።

ልብ የሚነኩት ይቅደሙ። እንዳሁላና ዘመዶቹ፣ ማለትም የካላንቾ ወገን በሙሉ፣ ከዚያ ኮቲሌዶን፣ ከዚያ የበረሃ ጽጌረዳ የሚባለው አዴኒየም። በካላንቾና በኮቲሌዶን ውስጥ ያለው መርዝ ቡፋዲኖላይድ ይባላል። ስሙ "ቡፎ" ከሚለው የጓጉንቸር የላቲን ስም የመጣ ነው፤ የአንዳንድ ጓጉንቸሮች ቆዳ የሚያመነጨው መርዝም ከዚሁ ዓይነት ነውና። ሥራው የልብ ሴሎች ሶዲየምና ፖታሲየም የሚያመላልሱበትን ፓምፕ ማገድ ነው። ፓምፑ ሲታገድ ልብ ምቱን ይስታል፤ አንዴ ይዘገያል፣ አንዴ ይዘላል። የአዴኒየም መርዝ ስሙ ቢለይም የሚሠራው ይህንኑ ነው። በአፍሪካ አዳኞች የቀስት ጫፍ የሚነክሩበት ፈሳሽ ነበር።

ካላንቾ ግን አበባው ስለሚያምር ብዙ ቤት ውስጥ አለ። ያን ያህል ያሰጋል?

እውነቱን ለመናገር፣ አንድ ጊዜ ቅጠል ነክሳ የተፋች ድመት አብዛኛውን ጊዜ አስመልሷት፣ አስቀምጧት ትድናለች። ልብ ላይ የሚደርሰው ብዙ ስትበላ ነው። ነገር ግን የድመት አካል ትንሽ ነው። አራት ኪሎ ለምትመዝን እንስሳ "ብዙ" የሚባለው ለእኛ ጥቂት የሚመስለን ነው። የተክሉ ሁሉም ክፍል መርዝ አለው፤ ከሁሉም የሚብሰው ደግሞ አበባው ላይ ነው። ለዓይን ብለን የምንገዛው ያው አበባ ማለት ነው።

መርዙ ምን ሊያደርግ እንደሚችል ለማየት የከብቶቹን ታሪክ ማስታወስ ይበቃል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1997 አውስትራሊያ ውስጥ፣ ኒው ሳውዝ ዌልስ፣ ሞሪ ከተማ አጠገብ 125 ከብቶች ከዚህ ወገን የሆነ አረም በልተው አልቀዋል። በደቡብ አፍሪካ ደግሞ ፍየልና በግ ኮቲሌዶንን የመሳሰሉ ተክሎችን ደጋግመው ሲበሉ የሚያሽመደምድ በሽታ ይይዛቸዋል፤ ክሪምፕሲክተ ይሉታል። መርዙ በጥቂት በጥቂቱ እየተጠራቀመ ነው የሚጥላቸው። "ሁልጊዜ ትንሽ ትንሽ ትቆነጥራለች፣ ምንም አልሆነችም" ለሚሉኝ ሰዎች ይህን የምነግራቸው ለዚህ ነው።

ከካላንቾ ውስጥ በተለይ የሚያሰጋኝ ዳይግሬሞንቲያና የሚባለው ነው። በቅጠሉ ጠርዝ ዙሪያ ትንንሽ ችግኞች ተደርድረው ይበቅላሉ፤ ነካ ሲደረጉ ይረግፋሉ። አንድ ቀን ድመቴ ከግቢ ስትገባ የኋላ እግሯ ጸጉር ላይ ከምስር የማትበልጥ አረንጓዴ ነገር ተጣብቃ አየሁ። ሁለት ቅጠል አላት፤ ከሥሯ እንደ ክር የቀጠኑ ነጭ ሥሮች ወጥተዋል። ድመቷ ቁጭ ብላ እግሯን ልትልስ ስትል ነው ደርሼ ችግኟን ያነሳኋት። ተክሉን ከፍ ያለ ቦታ ላይ ስላስቀመጥኩት ተረጋግቼ ነበር። ተክሉ ከፍ ቢልም ልጆቹ መሬት ላይ ነበሩ።

የቁልቋልና የቅንጭብ ወተትስ?

ቁልቋል፣ ቅንጭብ፣ የእሾህ አክሊል የሚሉት ቀይ አበባ ያለው፣ ሁሉም የኢዮፎርቢያ ወገን ናቸው። ሲቆረጡ ነጭ ወተት ይወጣቸዋል። ይህ ወተት ቆዳ ያቃጥላል፣ አፍና ጉሮሮ ይልጣል፤ ዓይን ከገባ ደግሞ የዓይንን መስታወት ሊያቆስል ይችላል።

ድመት አብዛኛውን ጊዜ አትበላውም፤ ገና ስትነክሰው ያቃጥላታል። ችግሩ ጸጉሯ ነው። ቅርንጫፍ ሰብራ ስታልፍ ወተቱ ይነካታል፤ ከዚያ ራሷን ስትልስ አፏ ይገባል። በእግሯ ፊቷን ስታጥብ ደግሞ ዓይኗ ይገባል። ስለዚህ ቅንጭብ ስትከረክሙ ድመቷ ውስጥ ትቆይ። የቆረጣችሁት አፍ ደርቆ ወተቱ እስኪቆም አትልቀቋት። ለራሳችሁም ጓንት አድርጉ።

ከነካትስ? ጓንት አድርጋችሁ ለብ ባለ ውሃና በትንሽ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ጸጉሯን እጠቡ። እስክትደርቅ ድረስ እንዳትልስ በፎጣ ጠቅልላችሁ ያዟት። ዓይኗ ከነካው ለ15 ደቂቃ ያህል ንጹሕ ውሃ ቀስ እያላችሁ አፍስሱበት፤ ከዚያ ሐኪም ዘንድ ውሰዷት። ዓይን ጊዜ አይሰጥም።

እሬት ለሰው መድኃኒት ነው ይባላል። ለድመት እንዴት መርዝ ይሆናል?

የእሬት ቅጠል ቁረጡና ወደ ታች ዘቅዝቃችሁ ያዙት። መጀመሪያ የሚንጠባጠበው ቢጫ ፈሳሽ ነው። መሃሉ ላይ ያለው የሚያንሸራትት፣ እንደ መስታወት የጠራው ደግሞ ሌላ ነው። ሰው ቆዳው ላይ የሚቀባው የጠራውን ነው። ድመትን የሚጎዳው ከልጡ ሥር ያለው ቢጫው ነው፤ አሎይን የሚባል ንጥረ ነገር አለው። "እንደ እሬት መረረ" የሚያሰኘውም እሱ ነው።

አሎይን ትልቁ አንጀት ሲደርስ ባክቴሪያዎች ይለውጡታል፤ ያኔ ውሃ ወደ አንጀት ይስባል። ውጤቱ ተቅማጥ ነው፤ ማስመለስና መፍዘዝም አለ። ሽንቷ ቀላ ሊል ይችላል። ድመት ቅጠሉን ስትነክስ ልጡን ከመሃሉ አትለይም። ስለዚህ እሬት ለእኛ መድኃኒት መሆኑ ለእሷ ምንም አይፈይድም። ቁስሏ ላይ እሬት መቀባትም ይቅርባችሁ፤ የተቀባውን ሁሉ ትልሳለች።

ጄድ፣ ሳንሲቬሪያ፣ ቃጫስ?

ሆድ ከሚያውኩት ወገን ናቸው። ጄድ (ክራሱላ) ያስመልሳል፤ አንዳንዴም እንደ ሰከረ ሰው ያንገዳግዳል፣ ያፈዝዛል። ሳንሲቬሪያ ሳፖኒን አለው፤ ውሃ ውስጥ ሲናጥ እንደ ሳሙና አረፋ የሚያወጣ ነገር ነው። ያስመልሳል፣ ያስቀምጣል። ቃጫም ሳፖኒን አለው፤ ከዚያ በላይ ግን ጫፉ ያለው መርፌ ዓይን ያጠፋል። እንደ አረንጓዴ ዶቃ ተሰክቶ የሚንጠለጠለው ሴኔሲዮም እዚሁ ይመደብ። ዶቃው ሲወዛወዝ ድመት ዝም ብላ ማለፍ ስለማትችል በተለይ እሱን ከዓይኗ አርቁት።

ቁልቋል መሰሎቹ እሾሃሞችስ መርዝ አላቸው?

እውነተኛዎቹ ካክተሶች፣ በለስን ጨምሮ፣ በአብዛኛው መርዝ የላቸውም። ጉዳታቸው እሾሁ ነው። የበለስ ደቃቃ እሾህ ከትልቁ ይብሳል፤ እንደ ጸጉር ቀጥኖ ምላስና መዳፍ ላይ ይሰካል። በጥሩ ብርሃን በወረንጦ አንድ በአንድ ይነቀላል። አፏ ውስጥ ከሆነ ለሐኪም ተዉት።

መለያው እንዲህ ነው፦ ስትጭሩት ነጭ ወተት ካወጣ ኢዮፎርቢያ ነው ብላችሁ ጠርጥሩ። የካክተስ ፈሳሽ አብዛኛውን ጊዜ ውሃ የመሰለ ነው።

ድመት ሥጋ በል አይደለች? ቅጠል ምን ያደርግላታል?

ድመቶች ሣር መብላት ይወዳሉ፤ ጤነኛ ጠባይ ነው። ተቆጥታችሁ አታስቆሟትም። ይልቅ የራሷን ስጧት። ገብስ፣ ስንዴ ወይም አጃ በአንድ ሰፊ መትከያ ዝሩላት፤ በሳምንት በአሥር ቀን ውስጥ ይደርስላታል። ዘሩ ግን በመድኃኒት የታሸ የእርሻ ዘር መሆን የለበትም። መትከያውን ከሳኩለንቶቹ አርቃችሁ፣ እሷ በምትተኛበት አጠገብ አድርጉት። ግልገል ድመት ደግሞ ሁሉን በአፏ ነው የምታውቀው፤ እስከ ዓመቷ ድረስ ከሌሎቹ የበለጠ ጥበቃ ያስፈልጋታል።

ድመት ከውሻ ለምን ይብስባታል? ጉበቷ አንዳንድ ኬሚካሎችን የሚያስወግድበት ግሉኩሮኒዴሽን የሚባለው መንገድ ደካማ ነው። ብዙ መድኃኒትና ዘይት እኛን ምንም ሳይለን እሷን የሚጎዳት ለዚህ ነው።

በልታ እንደሆነ በምን አውቃለሁ?

መጀመሪያ ተክሉን እዩ። የድመት ንክሻ ቅጠሉ ጠርዝ ላይ ትንንሽ ቀዳዳ ይተዋል፤ ሌላ ጊዜ ቅጠሉ ተላጦ ይገኛል። ቀጥሎ ትውከቷን እዩ፤ የጸጉር ኳስ ከሆነ የለመዳችሁት ነው፤ አረንጓዴ ሥጋማ ቁራጭ ካለበት ሌላ ነገር ነው።

ከዚያ እሷን። ምራቅ ማዝረብረብ፣ አፏን በእግሯ መፈተግ፣ ደጋግሞ ማስመለስ፣ ተቅማጥ፣ ጥግ ገብቶ መደበቅ የተለመዱ ናቸው። እግሯ ከተብረከረከ፣ ድዷ ከነጣ ወይም ከጠቆረ፣ ከወደቀች፣ አፏን ከፍታ ካለከለከች ግን አትጠብቁ። ውሻ ሲያለከልክ ሞቆት ነው፤ ድመት ስታለከልክ አደጋ ነው። ተኝታ ሳለች ትንፋሿን ቁጠሩ፤ ጤነኛ ድመት በደቂቃ ከ30 በታች ትተነፍሳለች።

በላች። አሁን ምን ላድርግ?

አፏ ውስጥ የቀረ ቁራጭ ካለ አውጡ። ተክሉን ከአጠገቧ አንሱ፤ ግን አትጣሉት። ቅርንጫፍ ቁረጡና በላስቲክ ያዙ፣ ወይም ፎቶ አንሱት፤ አበባ ካለው አበባው እንዲታይ። ስንት ሰዓት ላይ እንደበላችና ምን ያህል እንደጎደለ አስታውሱ። ከዚያ ለእንስሳት ሐኪም ደውሉ። ካላንቾ፣ ኮቲሌዶን ወይም አዴኒየም ከሆነ ምልክት እስኪታይ መጠበቅ የለም። ሆድ ዕቃዋን ማጽዳት የሚጠቅመው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሰዓታት አካባቢ ነው፤ "እስኪ ትንሽ እንየው" ስንል የሚያልፈው ያ ሰዓት ነው።

ቤት ውስጥ እንድታስመልስ አታድርጉ። ይህን ከልቤ ነው የምለምናችሁ። ጨው ውሃ በራሱ ይመርዛታል። ሃይድሮጂን ፐርኦክሳይድ የድመትን ጨጓራ ክፉኛ ያቆስላል። ጣት መክተት ጉሮሮዋን ይጎዳል። ዘይትም ሆነ ውሃ በግድ ስትግቷት ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላል። ጥሩ አስባችሁ ያደረጋችሁት ነገር ከቅጠሉ የባሰ ሊሆን ይችላል።

የሰው የሕመም ማስታገሻም አትስጧት። ፓራሲታሞል ድመት ይገድላል።

ወተት መርዝ አይሽርም?

አይሽርም። ብዙ ትልልቅ ድመቶች ወተት ስለማይስማማቸው ተቅማጥ ይጨምርባቸዋል፤ ሐኪሙም የትኛው ከምን እንደመጣ ለመለየት ይቸገራል። ንጹሕ ውሃ አጠገቧ ይኑር፤ ከፈለገች ራሷ ትጠጣ።

ሐኪሙ ምን ያደርጋል?

እንደ ተክሉ ይለያያል። ጊዜው ካላለፈ በመርፌ እንድታስመልስ ያደርጋታል፤ መርዙን የሚይዝ አክቲቬትድ ቻርኮል ሊሰጣት ይችላል። በደም ሥር ፈሳሽ ይሰጣል፣ ማስመለሱን ያስቆማል። ልብ የሚነካ ከሆነ በኢሲጂ የልብ ምቷን ይከታተላል፤ ምቷ ከዘገየ አትሮፒን የሚባል መድኃኒት አለ። ለብዙዎቹ መርዞች ማርከሻ የለም፤ ሕክምናው ሰውነቷ መርዙን እስኪያስወጣ ደግፎ ማቆየት ነው።

ወደ ቤት ከተመለሰች በኋላ ምግብ መብላቷን እዩ። ድመት አንድ ቀን ሙሉ ካልበላች ለሐኪም ንገሩ፤ ጾም የድመትን ጉበት በስብ ይሞላዋል፤ ይህ ደግሞ ራሱን የቻለ ሕመም ነው።

ሁሉንም ነቅዬ ልጣላቸው?

አያስፈልግም። ልብ የሚነኩትን ድመት ለሌለው ሰው ስጡ፤ እኔ እንዲያ ነው ያደረግሁት። የቀሩትን ቦታ ምረጡላቸው። ከፍ ያለ መደርደሪያ ብቻውን አይበቃም፤ አንድ ሜትር ተኩል ለጤነኛ ድመት ደረጃ ነው። የሚሻለው ከጣሪያ የተንጠለጠለና አጠገቡ መዝለያ የሌለው፣ ወይም በሽቦ መረብ የተከለለ ነው። እሬትና ጄድ በመረብ ውስጥ በደንብ ይኖራሉ።

አፈሩ ላይ ደግሞ ትልልቅ ጠጠር አልብሱ። ድመት የላላ ደረቅ አፈር ስታገኝ ልትጸዳዳበት ትቆፍራለች፤ እግረ መንገዷን ቅጠል ትሰብራለች። ቅጠል ቆርጣችሁ ለማባዛት ስታደርቁም ትሪውን በር ያለው ቦታ አስገቡት። የተቆረጠ ቅጠል ሲደርቅ መርዙ አብሮ አይደርቅም።

የሎሚ ልጣጭ፣ በርበሬ፣ የቡና አተላ ብበትንስ?

በርበሬ ዓይኗንና መዳፏን ያቃጥላል። ቡና ውስጥ ያለው ካፌይን ድመት ይመርዛል። የብርቱካንና የሎሚ ዘይትም ይጎዳታል። የልብስ ሳጥን ውስጥ የሚቀመጠው ናፍታሊን ከሁሉም ይብሳል። መርዝ ለመከላከል መርዝ መበተን ነውና ተዉት።

የተክሉን ስም አላውቅም። ምን ልጠቀም?

ስሙ እስኪታወቅ እንደ መርዛማ ቁጠሩት። በስልክ ፎቶ ስም የሚናገሩ መተግበሪያዎች ይረዳሉ፤ ግን ትንሽ እሬትን ሃዎርቲያ ብለው ሊነግሯችሁ ይችላሉ፤ ሁለቱ በልጅነታቸው ይመሳሰላሉ። ሲያብብ ይለያሉ፤ የሃዎርቲያ አበባ ትንሽና ነጣ ያለ ነው፤ የእሬት ብዙ ጊዜ ብርቱካናማ፣ ቀይ ወይም ቢጫ ረጅም ቱቦ ነው። ስትገዙ የላቲን ስሙን ጠይቁና መትከያው ላይ ጻፉት። የእንስሳት መርዝ መረጃ የሚሰጡ ድርጅቶች ዝርዝር፣ ለምሳሌ በ1866 የተመሠረተው የአሜሪካው የእንስሳት ማኅበር ኤኤስፒሲኤ የሚያወጣው፣ የሚፈለገው በዚያ ስም ነው።

ግቢው ውስጥ ከሳኩለንት ውጪ ምን ልይ?

ሊሊ። ሊሊየምና ሄሜሮካሊስ የሚባሉት ከዚህ ገጽ ተክሎች ሁሉ ለድመት የከፉ ናቸው። ጸጉሯ ላይ የወደቀ የአበባ ዱቄት ስትልስ፣ አበባው የተቀመጠበትን ውሃ ስትጠጣ ኩላሊቷ በጥቂት ቀናት ውስጥ ሊቆም ይችላል። ድመት ባለበት ቤት ባይገባ እመርጣለሁ። ከዚያ የቀንድ አውጣ መግደያ መርዝና የነፍሳት ማጥፊያ አለ። ሳኩለንት ላይ ነጭ ጥጥ መሳይ ተባይ ሲወጣ አልኮል በነካ ጥጥ ጥረጉት፤ እስኪደርቅ ድመቷን አርቁ።

ችግኝ የሚያራግፈው ካላንቾ ግቢዬን ሞልቶታል። እንዴት ላጥፋው?

መጀመሪያ ትልልቆቹን ሳታወዛውዙ ላስቲክ አልብሷቸው፤ ከዚያ ከነሥራቸው ንቀሉ። ካላለበሳችሁ ስትነቅሉ መቶ ትዘራላችሁ። መሬት ላይ የረገፉትን በመጥረጊያ ሳይሆን በእጅ ልቀሙ፤ መጥረጊያ ወደ ስንጥቅ ይገፋቸዋል። ብስባሽ ውስጥ አትጨምሯቸው፤ እዚያም ሥር ይሰዳሉ። ላስቲኩን አስራችሁ ከቆሻሻ ጋር ይሂድ። ድመቷ እስክትጨርሱ በር ተዘግቶባት ትቆይ። ከሁለት ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ በተለይ ዝናብ ከጣለ በኋላ፣ ተንበርክካችሁ የድንጋዮቹን መገጣጠሚያ እዩ። ያመለጡት እዚያ ነው የሚያቆጠቁጡት፤ ሁለት ቅጠል ሲሆኑ በጥፍር ይነቀላሉ።